ባትሪ ሊሾ ላይ አይቀመጥም

“ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ ግሌኒስ፣ ይቅር በይኝ” አለች ኖርማ፣ የሻይ ኩባያዋን ጉልበቷ ላይ እያዞረች። “ግን… የእኛ ባትሪ እዚያው ጋራዡ ውስጥ ነው አይደል?”

ግሌኒስ ኬክ እየቆረሰች ነበር። ኬኩን ይዛ የመጣችው ራሷ ኖርማ ናት። “በሐዘንሽ አብረንሽ ነን” የሚል ካርድ አብሮት ነበር፤ ካርዱ ከፖስታው ሳይወጣ የባትሪው ነገር መጣ።

“ቻርጅ ላይ ነው” አለች ግሌኒስ ቢላዋውን ሳታቆም።

“እሱማ ይሆናል። ውርጭ ይመጣል ስላሉ እኮ ነው። የደከመ ባትሪ በውርጭ ይረጋል፣ ይሰነጠቃል፤ ሄድሊ ነፍሱን ይማረውና ራሱ ነው ያስተማረን። እንግዲህ አሁን ማን ይከታተለዋል ብለን…”

“እኔ።”

መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠችው ቤሪል፣ የሟቹ እህት፣ በአፍንጫዋ ሳቀች። ግሌኒስ ባሏ ሄድሊ በሕይወት ሳለ ጋራዡ ውስጥ እግሯን አስገብታ እንደማታውቅ ሁለቱም ያውቃሉ። የሄድሊ ሕግ ነበር። ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ጋዝ ይተፋል፣ ጋዙ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል፣ ሚስቴ ደግሞ ብልጭታ አታጣም ይል ነበር። ቀልዱ ነው። ዕድሜ ልክ የተደጋገመ ቀልድ ግን ሕግ ይሆናል። ስለዚህ ሻዩን ይዛ ትሄዳለች፣ የጋራዡን በር ሁለቴ ታንኳኳለች፣ ኩባያውን ደረጃው ላይ ታስቀምጣለች፣ ትመለሳለች።

“ሁሉም ከቀብሩ በኋላ ይሰጣል” አለች ግሌኒስ። “ቻርጅ ላይ ያለ ባትሪ በመሃል አይነቀልም። ይህንንም ራሱ ነው ያስተማራችሁ።”

ኖርማ የራሷን ኬክ ጎረሰች።

እሷ እንደወጣች ቤሪል ወረቀትና እስክሪብቶ አነሳች። “ሳንድዊቹን ልዘዝ። ለስምንት ሰው ይበቃል?”

“ለስምንት?”

“ወንድሜ ነው፣ እወደዋለሁ፣ እውነቱን ግን እናውራ። ማን ይመጣለታል? አባታችንን ስንቀብር ቄሱ ተጨምረው አንዲት መኪና አልሞላንም። አባታችን ደግሞ ቢያንስ ዝም ማለት ያውቅ ነበር።”

ሄድሊ ከሞተ ጀምሮ ግሌኒስም የምታስበው ይህንኑ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ አግዳሚ ወንበሮች ባዷቸውን፣ ሳጥኑ ፊት ለፊት፣ እሷና ቤሪል ብቻ ከፊት ተቀምጠው። ሰውዬው ኖሮ ያላገኘውን ሰው ሞቶም ሊያጣው ነው። እጇን የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችና የጋራዡን ቁልፍ ጨበጠችው። ባትሪዎቹ እዚያ እስካሉ ድረስ ሰዎቹ ይመጣሉ።

በእኛ የባሕር ዳር ከተማ በሆርንሲ ካራቫን የሌለው ሰው ጥቂት ነው። በጋውን መኪናችን ላይ አስረን የምንጎትታት ቤት ክረምቱን ከከተማ ውጭ ገበሬ ማሳ ላይ ትቆማለች፤ ሆዷ ውስጥ ያለው ባትሪ ግን አብሯት ከቆመ የባሕሩ ብርድ ይገድለዋል። እንግዲህ ኅዳር ሲገባ የካራቫን ክበባችን በሙሉ ባትሪውን እየነቀለ ወደ ሄድሊ ጋራዥ ያመጣል። ሄድሊ ካፖርቱን ለብሶ፣ ቴስተሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እንደ ሐኪም በር ላይ ይቆማል። እያንዳንዱን ይለካል፣ ጫፉን ይጠርጋል፣ ውሃ የጎደለውን ይሞላል፣ በየወሩ በተራ ቻርጅ ያደርጋል። ማንኛውም ባትሪ ሊሾ ላይ አይቀመጥም። ለእያንዳንዱ ጣውላ ቆርጦለታል፤ ጣውላው ላይ የባለቤቱን ስም የጻፈበት ፕላስተር ተለጥፏል።

“የዛሬ ባትሪ እኮ ሽፋኑ ላስቲክ ነው፣ ሲሚንቶ ምን ያደርገዋል?” ይሉታል። ስህተታቸው መጠየቃቸው ነው። ሄድሊ ማስረዳት ይጀምራል። ስለ ብርድ፣ ስለ እርጥበት፣ ስለ አሲድ፣ አንዴ ጨርሶ ባዶ ስለሆነና ስለማይመለስ ባትሪ። የመኪናቸውን ሞተር ሳያጠፉ መምጣት የለመዱት በዚህ ምክንያት ነው። ወርወር አድርገው ይሄዳሉ። መጋቢት ላይ ሞልቶ የተወለወለውን ባትሪ አንስተው እንደገና ይሮጣሉ። በኅዳርና በመጋቢት መሃል ያን ደጅ የሚረግጥ ዝር አይልም ነበር።

አሁን ግን ደጁ ሰው አላጣም።

እኛ ዘንድ ሬሳም ወረፋ ይጠብቃል። ድንገት የሞተ ሰው ሐኪም መርምሮት፣ ወረቀቱ አልቆ፣ የቀብር ቀን እስኪገኝለት ሳምንታት ይሄዳሉ፤ ሐዘንተኛው እስከዚያ ሻይ ያፈላል። አንዷ ላዛኛ ይዛ መጣች፣ ሌላው አበባ፣ ሌላው ባዶ እጁን ግን የሐዘን ፊት ይዞ። ሁሉም ሄድሊ እንዴት ያለ ደግ ሰው እንደነበር ተናገሩ። ሁሉም ሁለተኛውን ኩባያ ሲጨርሱ ወደ ጋራዡ በኩል አዩ።

የክበቡ ጸሐፊ ስልክ ደወለ። “ክበባችን ለቀብሩ ሁለት ወኪል ይልካል” አላት በክብር ድምፅ።

“ወኪል ባትሪ አይወስድም” አለችው ግሌኒስ። “ባለቤቱ ይምጣ።”

ኩሽና ውስጥ ኖርማና አንዲት ሌላ ሴት ሲያንሾካሹኩ ሰማቻቸው። “አገተችብን እኮ! ባትሪያችንን አገተችብን!” “ዝም በይ፣ ሐዘን እኮ አእምሮ ያዞራል።” ግሌኒስ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ሳቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር፣ ደግ ሳቅም አልነበረም።

እንግዲህ ያገተቻቸው እንዳይሞቱባት ማብላት ነበረባት። በማግስቱ ጠዋት ቤሪል ተኝታ ሳለ የጋራዡን በር ከፈተች። ልማድ ሆኖባት ከመክፈቷ በፊት ሁለቴ አንኳኳች።

ባትሪዎቹ ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል፣ ሁሉም በየጣውላቸው ላይ። መሃል ላይ ባዶው ሊሾ ነበር። ሄድሊን ያን ምሽት ያገኘችው እዚያ ነው። ሻዩን በር ላይ አስቀምጣ፣ አንኳኩታ፣ ቴሌቪዥኗን ከፍታ ተቀምጣ ነበር። ቆይታ ኩባያውን ልታነሳ ብትመጣ ሻዩ እንዳለ ነው፣ ላዩ ቀጭን በረዶ ሠርቷል። ያኔ ነው ሕጉን ጥሳ በሩን የገፋችው። ባትሪዎቹ ጣውላ ላይ፣ እሱ ሊሾው ላይ።

“ልቡ ነው” አላት ሐኪሙ በኋላ። “ወዲያው አልሞተም። ትንሽ ቆይቷል፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይሆናል።”

“ቶሎ ቢደረስለት ኖሮስ?”

ሐኪሙ ብዕሩን ኪሱ ከተተ። “እንዲህ ያለውን ባይጠይቁ ይሻልዎታል” አላት። መልሱ ይኸው ነበር። ከሞቱ አሟሟቱ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። እሱ ብርድ ላይ ሲያጣጥር እሷ እግሯን ወደ ማሞቂያው ዘርግታ፣ ዝምታው ተመችቷት ነበር። እውነቷን ነው፣ ተመችቷት ነበር።

ሥራውን ማንም አላስተማራትም፤ በግድግዳው ማዶ ስትሰማው ከመኖሯ የተነሳ ግን እንደ አባታችን ሆይ ታውቀዋለች። በሩን ክፈት። ቻርጀሩ እንደጠፋ ፖዘቲቩን እሰር፣ ቀጥሎ ኔጋቲቩን፣ ከዚያ አብራ። ስትነቅል መጀመሪያ አጥፋ፣ ቀጥሎ ኔጋቲቩን ንቀል። ኖርማን አሰረቻት፣ ማለትም የኖርማን ባትሪ። ከዚያ ወደ ጥጉ ዞር ብላ ቆመች።

ጥጉ ላይ አንድ ጣውላ ባዶውን ነበር። ፕላስተሩ ላይ በሄድሊ እጅ “ክላይቭ” ተብሎ ተጽፏል። ከአጠገቡ ያለው ቻርጀር እስካሁን አልጠፋም፣ ቀይ መብራቱ በርቷል፤ ሁለቱ መቆንጠጫዎች ሊሾው ላይ ተጥለዋል። ሄድሊ ቻርጀር ሳያጠፋ ባትሪ ከሚነቅል ጣቱን ቢነቅል ይቀለው ነበር። ይህን ባትሪ ሌላ ሰው ነው የወሰደው፣ ተጣድፎ። ደግሞም ሄድሊ በሞተበት ዕለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቁልፉ ከእሷ ኪስ አልወጣም፣ ከዚያ በፊት ቢሆን ደግሞ ሄድሊ አይቶ ጩኸቱ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር።

ክላይቭ የጎረቤታቸው ስም ነው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ብቻውን የሚኖር፣ ለስላሳ ሰው። ከሐዘኑ ወዲህ በየጠዋቱ ወተትና ጋዜጣ ያመጣል፣ በረዶው እንዳያንሸራትት ደጃፉ ላይ ጨው ይበትናል፣ የቆሻሻ መጣያውን አውጥቶ ያስገባል። ስለ ባትሪ ያልጠየቀ እሱ ብቻ ነበር። ግሌኒስ አንድ እንኳን ለሄድሊ ብሎ የመጣ ሰው አለ ብላ በልቧ መርቃው ነበር።

መቆንጠጫዎቹን አንስታ ቻርጀሩን አጠፋች። ለክላይቭም ለቤሪልም ምንም አላለችም። ወተቱን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቱን እያየች ተቀበለችው።

ሄድሊን ያወቀችው ካራቫን ፋብሪካ ውስጥ ነው። እሷ የመቀመጫ ጨርቅ ትሰፋለች፣ እሱ የመብራት ገመድ ይዘረጋል። አንድ ቀን ባልተጠናቀቀች ካራቫን ውስጥ አስገባትና “ዓይንሽን ጨፍኚ” አላት። ስትገልጥ ጣሪያዋ በሙሉ በርቷል። ለመሳም የመጣ መስሏት ነበር፤ እሱ ግን ስለ ገመዱ ውፍረት ማስረዳት ጀመረ። ያኔ ደስ ብሏት ሰማችው። ሴት ልጅ ስትወድ ምን የማትሰማው አለ?

ፋብሪካው ሲዘጋ ሄድሊ አምሳ አልፎት ነበር። ክረምቱን ሙሉ ግድግዳ እያየ ተቀመጠ። በኅዳር አንድ ጎረቤት “እስኪ ይቺን ባትሪ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጥልኝ” ሲለው ተነሳ፣ ተላጨ። በሚቀጥለው ዓመት ብዙ ሆኑ። ግሌኒስ መጀመሪያ ደስ አላት፣ ኋላ ግን ቀናች። የባሕሩ ነፋስ ቤቱን ባንቀጠቀጠበት በዚያ ክፉ ክረምት፣ ሳንባዋን ታማ ስትስል፣ የአልጋዋን የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ነቅሎ ባትሪዎቹን ሊሸፍን ወሰደው። “ሄድሊ፣ እኔስ?” ስትለው በር ላይ ዞር ብሎ፣ “አንቺ መንቀሳቀስ ትችያለሽ፤ እነሱ አይችሉም” አላት። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም። ሰው ይስቅበታል ብላ ነው።

ደግሞ በዚያው ሰው ላይ ይህ አለ። በጋ ላይ ካራቫናቸውን ሐይቅ ዳር አቁመው፣ ባትሪው ሲደክም፣ ሁለቱም እያነበቡ ከሆነ የራሱን መብራት ያጠፋል። “ለሁለታችን አይበቃም፣ ጨርሺ” ይላታል። ጨለማው ውስጥ እጁን አጣምሮ ይቀመጣል፤ እሷ ገጽ ስትገልጥ እየሰማ፣ አንዴም “አልጨረስሽም?” ሳይላት። ያን ሰውና ብርድ ልብስ የነጠቃትን ሰው ማስታረቅ አቅቷት ኖረች። አሁን ደግሞ አብረው ሞቱባት።

የቀብሩ ዋዜማ ቤሪል ጸጉሯን ልትሠራ ወጥታ ሳለ ክላይቭ ወተቱን ይዞ መጣ።

“ግባ” አለችው ግሌኒስ። “ተቀመጥ። ባትሪህን መቼ ወሰድከው?”

ክላይቭ አልተቀመጠም። ወተቱን እንደያዘ ቀረ።

“መቼ?”

“ያን ዕለት” አለ። “ሊጨልም ሲል።”

“አየኸው?”

“ጀርባውን ነው ያየሁት። ሊሾው ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ጠረጴዛውን ተደግፎ። አንዱን ባትሪ የሚያይ መሰለኝ። ልጄ ባትሪውን ለጀልባው ፈልጎት ነበር፤ ሄድሊን ብጠይቀው ደግሞ ቻርጅ ሳይጨርስ እንዴት ብሎ… ታውቂዋለሽ እኮ ግሌኒስ። አንድ ሰዓት ያስተምረኛል። ስለዚህ በጎን በር ገብቼ ቀስ ብዬ አነሳሁት። ዞር እንዳይል እየጸለይኩ ነበር። ባለመዞሩ ደስ አለኝ። እግዜር ያሳይሽ፣ ደስ አለኝ።”

“ምንም አላለም?”

ክላይቭ ወደ በሩ ዞረ።

“ክላይቭ፣ ምን አለ?”

“ተይው ይቅርብሽ። ሆድ ይፍጀው።”

“ተናገር!”

“ኮቴዬን ሰምቷል መሰለኝ። ሳይዞር… ‘ግሌኒስ፣ አንቺ ነሽ?’ አለ።”

“አንተስ?”

“በእግሬ ጣቶች እየረገጥኩ ወጣሁ።”

ግሌኒስ ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሚያንገበግባት አለመግባቷ ነበር። አሁን ግን ገብታለች። ሄድሊ እስከሚያውቀው ድረስ ሚስቱ ገብታ፣ ስሟን ሲጠራት ሰምታ፣ አንድ ቃል ሳትመልስለት በሩን ዘግታ ሄዳለች። ቀጥሎ ደግሞ ሻዩን አምጥታ አንኳኩታለች። ምናልባት ያንንም ሰምቷል። ይህን ይዞ ነው የሞተው፣ ከእንግዲህ የሚያርመውም የለም።

“ግደይኝ” አለ ክላይቭ። “ወይ ስደቢኝ።”

“ምን ያደርግልኛል?” አለችው። “ለአንተ ነው የሚቀልልህ። ነገ ትመጣለህ። ባትሪ የለህም፣ ግን ትመጣለህ።”

“እመጣለሁ።”

“ወተቱን አስቀምጠውና ሂድ።”

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞላ። ቄሱ ሁለቴ ስሙን አጣሩ፣ ሌላ ሰው የሚቀብሩ መስሏቸው። ደጅ የቆሙት መኪናዎች ኋላቸው በጋዜጣና በአሮጌ ፎጣ ተነጥፎ ነበር፣ አሲድ ቢፈስ ብለው። ጥቁር ካፖርት ለብሰው የሥራ ጓንት ኪሳቸው የከተቱ ነበሩ። መዝሙሩን ባንድ ድምፅ ዘመሩት፤ ቶሎ እንዲያልቅ ፈጠን አድርገው። ቤሪል ወደ ኋላ ዞር ብላ አየችና “ስምንት ሳንድዊች!” አለች ለራሷ፣ ደንግጣ።

ግሌኒስ ያየችው ሌላ ነው። ኖርማ የምር ታለቅስ ነበር። ኖርማ ራሷም የተገረመች ትመስላለች።

መቃብሩ አፍ ላይ፣ ሳጥኑ ሳይወርድ፣ ግሌኒስ ከገበያ ቦርሳዋ ጣውላ አወጣች። ቀብር አስፈጻሚው ጎንበስ አለ።

“ምንድን ነው እሜቴ?”

“ከስሩ ይደረግ።”

“ከሳጥኑ ስር? እንዲህ ያለ ነገር እኮ…”

“ብርድ ነው” አለችው። “እንዲሁ መሬት ላይ አይቀመጥም።”

ሰውዬው ቄሱን አየ፤ ቄሱ ትከሻቸውን ነቀነቁ። ግሌኒስ ጣውላውን ለክላይቭ ዘረጋችለት። ፕላስተሩ ወደ ላይ ነበር፣ ሰው ሁሉ የክላይቭን ስም አነበበ። ክላይቭ እርጥቡ ሣር ላይ ተንበረከከ፣ ያም አልበቃው ብሎ በሆዱ ተኛ፣ ክንዱ የሚደርስበት ድረስ አውርዶ ለቀቀው። ሲነሳ ካፖርቱ ጭቃ ብቻ ነበር። ለምን እንደሆነ ማንም አላወቀም። አንዳንዱ በጣም ይዋደዱ ነበር አለ።

ሳጥኑ ወረደ። እንጨት እንጨትን ሲነካ ተሰማ።

ቄሱ አሜን ከማለታቸው ኖርማ በክንዷ ነካ አደረገቻት። ዓይኗ ገና ቀልቷል። “ግሌኒስዬ… መቼም ውርጩ ዛሬ ማታ ነው ተብሏል… ቁልፉ?”

ግሌኒስ ቁልፉን ሰጠቻት። “በሩን ክፍት አድርጉት። ቻርጀሮቹን መጀመሪያ አጥፉ። ኔጋቲቩን አስቀድማችሁ ንቀሉ።”

“እናውቃለን፣ እሱ…” አለች ኖርማ፣ ግን አልጨረሰችውም።

ሄዱ። መጀመሪያ በቀስታ፣ ከመቃብሩ አጥር ሲያልፉ ፈጠን ብለው፤ ቤሪልም ለሳንድዊቹ ስትል አብራቸው ሄደች። አፈር እስኪመለስ የጠበቀ አልነበረም። ክላይቭ ብቻ ባለበት ቆሞ ቀረ።

“አንተም ሂድ” አለችው።

ክላይቭ ሄደ። ቆፋሪዎቹ ራቅ ብለው ሲጋራ ያጨሳሉ። ግሌኒስ ጓንቷን አወለቀች፣ ከተቆለለው አፈር አንድ ጓል አንስታ ጣለች፣ ቀጥሎ አንድ ሌላ። ሁለቴ ኳ፣ ኳ አለ።

“አዎ ሄድሊ” አለች ወደ ታች ጎንበስ ብላ። “እኔ ነኝ።”

በዚህ ጊዜ አልተመለሰችም። ጓንቷን በእጇ እንደያዘች መልሱን ቆማ ጠበቀች።